ቀዳሚ ዕውቀትን መቀስቀስ፦ ከሥርዓት ማሟያ ወደ ምርመራ

መግቢያ

«ሽፍታ» የሚለው ቃል የአንድ ምንባብ ርእስ ሆኖ ቢቀርብ ተማሪው ምን ይጠብቃል? «ፍ» ላልቶ ከተነበበ ቃሉ ከሕግ ሸፍቶ በዱር የሚኖርን ሰው ያመለክታል፤ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ በቆዳ ላይ የሚወጣን ሕመም። የአማርኛ ጽሕፈት ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያሳይ ፊደሉ ለሁለቱም አንድ ነው። «ዋና» እና «ገና» የሚሉት ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። አንባቢው የትኛውን ንባብ መምረጥ እንዳለበት የሚወስነው ፊደሉን በማየት ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉ ውጭ ይዞት በመጣው ዕውቀት ጭምር ነው። ስለዚህ አማርኛን ድምፅ አውጥቶ በትክክል ለማንበብ እንኳ ስለሚነበበው ጉዳይ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንብቦ መረዳት የምንባቡና የአንባቢው ቀዳሚ ዕውቀት የጋራ ውጤት ነው የሚለው ሐሳብ በዘርፉ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። የመምህራን ሥልጠና የንባብ ትምህርትን ቅድመ ንባብ፣ ጊዜ ንባብና ድኅረ ንባብ ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ከምንባቡ በፊት ጥቂት የመነሻ ጥያቄዎችን ያስቀድማሉ። አከራካሪው ጉዳይ ጥያቄዎቹ በክፍል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት እንዲህ ይላል፦ ቀዳሚ ዕውቀትን መቀስቀስ የትምህርቱ ማሟሟቂያ ሆኖ ከቀረ የሚጠቅመው አስቀድሞ የሚያውቀውን ተማሪ ነው፤ የማያውቀውን ወይም ተሳስቶ የሚያውቀውን ተማሪ ግን ከነበረበት ያርቀዋል። ስለዚህ መምህሩ ተማሪው ምን እንደያዘ፣ ምን እንደጎደለውና ምን እንደተሳሳተ የሚያውቅበት ምርመራ ሊሆን ይገባል።

ምርምሩ የሚለውና የማይለው

የስኪማ ንድፈ ሐሳብ ተብሎ የሚታወቀው አመለካከት ሥሩ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው የማስታወስ ጥናት ውስጥ ይገኛል። ባርትሌት እንግሊዛውያን ተሳታፊዎች የአንድን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተረት አንብበው እንደገና እንዲናገሩ ሲያደርግ፣ ያልለመዷቸውን ነገሮች እየጣሉ ወይም ወደ ለመዱት እየለወጡ ተርከዋል። ብራንስፎርድና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎች ቃላቱ ቀላል፣ ጉዳዩ ግን ያልተገለጠ አንድ ምንባብ አደመጡ። ምንባቡ ስለ ልብስ አጠባ መሆኑ ቀድሞ የተነገራቸው፣ ምንም ካልተነገራቸው በእጥፍ ያህል የሚበልጥ ሐሳብ አስታወሱ። ካደመጡ በኋላ የተነገራቸው ግን ጨርሶ ካልተነገራቸው የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ከዚህም ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል፤ ዕውቀቱ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፣ በጊዜውም መነሣት አለበት። ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ ሁሉም ተሳታፊዎች ያውቁ ነበርና።

ስቴፈንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአሜሪካውያንና ለሕንዳውያን አንባቢዎች ስለ ሁለቱ አገሮች ሠርግ የሚተርኩ ሁለት ደብዳቤዎችን ሰጡ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ባህል ሠርግ በፍጥነት አነበበ፣ የበለጠም አስታወሰ፤ የሌላውን ሲያነብ ግን በራሱ ልማድ እየተረጎመ አዛባው። ሬክትና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በ64 የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ምንባብ አቀረቡ። በንባብ ፈተና ደካማ የተባሉ፣ ነገር ግን ጨዋታውን በሚገባ የሚያውቁ ተማሪዎች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ።

እነዚህ ጥናቶች በቅድመ ንባብ ላይ ለሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማይሉት ነገር ነው። የሬክትና የሌስሊ ጥናት ዕውቀት ያለው ተማሪ እንደሚረዳ ያሳያል፤ ቤዝቦልን የማያውቅ ተማሪ «ስለ ቤዝቦል ምን ታውቃለህ?» ተብሎ ስለተጠየቀ ብቻ ይረዳል አይልም። ዕውቀት ለመረዳት ይጠቅማል ከሚለው ግኝት ተነሥቶ ጥያቄ መጠየቅ ለመረዳት ይበቃል ወደሚል ልማድ መሻገር በንድፈ ሐሳቡና በክፍሉ መካከል ያለ ሰፊ ክፍተት ነው።

ጥቂት እጆች፣ ብዙ ዝምታ

የተለመደው የቅድመ ንባብ ሂደት ለአማርኛ መምህራን እንግዳ አይደለም። መምህሩ ርእሱን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ «ስለዚህ ጉዳይ የምታውቁትን ተናገሩ» ይላል፤ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች እጃቸውን ያወጣሉ፤ «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ይባላሉ፤ ከዚያም ንባቡ ይጀመራል። አምስት ደቂቃ የማይሞላው ይህ ልውውጥ በክፍል ምልከታ ቅጽ ላይ «ቀዳሚ ዕውቀትን ቀስቅሷል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

በዚህ ልውውጥ ውስጥ መምህሩ ያወቀው ሦስቱ ተማሪዎች የሚያውቁትን ብቻ ነው። የቀሩት ሃምሳ ወይም ስድሳ ተማሪዎች ዝም ያሉት አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ጥያቄው ሳይገባቸው ይሁን ቃሉን በአማርኛ ማውጣት አቅቷቸው፣ አልታወቀም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ቁጥራቸው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ስለ ጉዳዩ ከመምህሩ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል፤ ዕውቀቱ የተቀመጠው ግን በሌላ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ብቻ መልስ የሚጠብቅ የቅድመ ንባብ ጥያቄ ይህን ዕውቀት አይደርስበትም፤ መምህሩም ዝምታውን እንደ አለማወቅ ይቆጥረዋል።

ሌላው ችግር ከጥያቄዎቹ ይዘት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከርእሱ ጋር የሚዛመድ ማንኛውም ነገር እንጂ ምንባቡ የቆመበት ነገር አይደለም። ምንባቡ ዕቁብ በችርቻሮ ነጋዴዎች ዘንድ እንዴት የብድር አገልግሎት እንደሚሰጥ የሚያብራራ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄው «በሰፈራችሁ ዕቁብ አለ?» የሚል ከሆነ መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው። ምንባቡን ለመረዳት ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ግን ዕጣ ቀድሞ የወጣለት አባል በሌሎች ገንዘብ እንደሚሠራና ቀሪውን ክፍያ እስከ መጨረሻው የመክፈል ግዴታ እንዳለበት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ርእሱን ይነካል፤ ምንባቡን አይከፍትም።

የሌለ ዕውቀት አይቀሰቀስም

መቀስቀስ የሚለው ቃል ራሱ የተኛ ነገር መኖሩን ይገምታል። አንድ ምንባብ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅና ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚብላላ ቢተርክ፣ ለሲዳማ ወይም ለጉራጌ ገጠር ልጅ የቤቱ ወሬ ነው። እንሰትን ዐይቶ ለማያውቅ የሰሜን ሸዋ ወይም የጎንደር ልጅ ግን ጉድጓዱ፣ ቅጠሉና የወራቱ ቆይታ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ቃላት ይሆኑበታል። ምንባቡ ስለ አውድማ፣ ስለሚያበራዩ በሬዎች፣ ስለ መንሽና ስለ ላይዳ ሲሆን ደግሞ የተራው ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ለሁለቱም እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «የምታውቀውን ተናገር» ማለት የሌለውን መጠየቅ ነው። ጥያቄው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሎች እንደሚያውቁና እርሱ እንደማያውቅ።

እዚህ ላይ የሚፈለገው መቀስቀስ ሳይሆን መገንባት ነው። አውሱቤል እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው የቅድመ አደራጅ ሐሳብ ከትምህርቱ በፊት አዲሱ ዕውቀት የሚያርፍበትን ጠቅላላ መደላድል መስጠትን ይመለከታል። ለአገሩ ተማሪ ይህ አሠራር ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በትርጓሜ ቤት ትምህርት ንባቡን ማወቅና ትርጓሜውን ማወቅ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። በአንድምታ መጻሕፍት ውስጥም ጽሑፉ ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፈው የሚገልጽ መቅድም ይቀድማል፤ ምሥጢሩ ያለ ታሪክ በማይፈታበት ስፍራም «ታሪክ» እየተባለ አስፈላጊው ትረካ ይገባል። ቅኔም እንደዚሁ ነው፤ ታሪኩን ያላወቀ ሰሚ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል። ከዚህ ትውፊት የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ተማሪው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር መምህሩ ይነግረዋል፤ የሚነግረውም ምንባቡ የሚፈልገውን ያህልና በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው።

የተሳሳተ ዕውቀትም ይቀሰቀሳል

ከጉድለት ይልቅ አስቸጋሪው ስሕተት ነው። አልቨርማን፣ ስሚዝና ሪደንስ እ.ኤ.አ. በ1985 በስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በቅድመ ንባብ ዙሪያ ከሚጠቀሱት ሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘ ይመስላል። ምንባቡ ተማሪዎቹ ያምኑት ከነበረው ጋር በሚጋጭበት ጊዜ፣ ቀዳሚ ዕውቀታቸውን ከንባብ በፊት የቀሰቀሱት ተማሪዎች ምንባቡ የሚለውን ትተው የራሳቸውን እምነት ይዘው ቀርተዋል። መቀስቀሱ ስሕተቱን አበረታው እንጂ አላረመውም።

የአገር ቤት ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በወባማ አካባቢዎች ወባ የሚመጣው የበቆሎ እሸት ወይም ሸንኮራ አገዳ በመብላት ነው የሚል እምነት በሰፊው ይሰማል። እምነቱ ከሰነፍ ግምት የመጣ አይደለም፤ ከትክክለኛ ምልከታ የተወሰደ የተሳሳተ ድምዳሜ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ በየቦታው ያቆረ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜም በሽታው ይበረታል። እሸት የሚደርሰውም በዚሁ ሰሞን ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት መስሎ ይታያል።

አሁን ስለ ወባ መተላለፊያ የሚያስረዳ ምንባብ ሊነበብ ነው። መምህሩ «ወባ በምን ይመጣል?» ሲል አንዲት ተማሪ «እሸት በመብላት» ብትል ሁለት የተለመዱ ምላሾች አሉ። አንደኛው «ጎበዝ፣ ሌላስ?» ማለት ነው፤ መምህሩ ተሳትፎን ማበረታታቱ ቢሆንም ስሕተቱ ከምስጋና ጋር ጸንቶ ይቀራል። ሁለተኛው «ስሕተት ነው» ብሎ ማለፍ ነው፤ ተማሪዋም ከዚያ በኋላ እጇን አታወጣም፤ እምነቷ ግን ከእርሷ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። በፈተና ላይ «የወባ ትንኝ» ብላ ትጽፋለች፤ በቤቷ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን እሸት ትከለክላለች። ያነበበችው ዕውቀትና ያመነችው ዕውቀት ሳይገናኙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህ ደግሞ የንባብ ትምህርት ውድቀት ነው፤ የማንበብ ዓላማ የያዙትን ሐሳብ ከተጻፈው ጋር ማፋጠጥ ነውና።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሙግት ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ መጽሐፉም በዓመቱ መጨረሻ ማለቅ አለበት። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም አንድን ምንባብ ብዙው ተማሪ ሳይረዳው ወደሚቀጥለው መሸጋገር ጊዜን መቆጠብ አይባልም፤ መጽሐፉ አልቆ ንባቡ አልጀመረም ማለት ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የጋራ የትምህርት መመዘኛዎች ከወጡ በኋላ፣ የቅድመ ንባብ ውይይት ምንባቡን አስቀድሞ ስለሚገልጥ ተማሪው ማንበብ ሳያስፈልገው ይቀራል የሚል ትችት ጎልቶ ነበር። ትችቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ምንባቡ የሚለውን ሁሉ ቀድሞ የሚተርክ መምህር ለንባብ ምንም አያስቀርም። ነገር ግን መፍትሔው ተማሪውን ባዶ እጁን ወደ ምንባቡ መላክ አይደለም፤ የሠርግና የቤዝቦል ጥናቶች እንደሚያሳዩት ማንም ባዶ እጁን አያነብምና። መፍትሔው ምንባቡ የሚያስተምረውን ለምንባቡ ትቶ፣ ምንባቡ አንባቢው ያውቀዋል ብሎ የሚያልፈውን ብቻ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ንባብ የሚማሩት ፊደል መለየትና አቀላጥፎ ማንበብ ላልቻሉ ልጆች ሲሆን ስለ ቀዳሚ ዕውቀት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። በታችኛው ክፍል ፊደልን ማወቅ ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ አያጠራጥርም። ሁለቱ ግን ተፎካካሪዎች አይደሉም። «ሽፍታ» የሚለውን ቃል በትክክል ለማጥበቅ ወይም ለማላላት እንኳ ዐውዱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ በመግቢያው ላይ ታይቷል።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች አራት ተግባራዊ እርምጃዎች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ጥያቄው ከርእሱ ሳይሆን ከምንባቡ ምሰሶ መነሣት አለበት። መምህሩ ምንባቡን ቀድሞ ሲያነብ «ተማሪው የትኛውን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ባያውቅ ምንባቡ ይፈርስበታል?» ብሎ ይጠይቅ። የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች እነዚህን ብቻ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ከንግግር በፊት ጽሕፈት ይቅደም። እያንዳንዱ ተማሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ከጎኑ ካለው ጋርም ያነጻጽር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ በሚቀናው ቋንቋ እንዲጽፍ ወይም ለጓደኛው እንዲናገር ይፈቀድለት። መምህሩ በመደዳዎች መካከል እያለፈ ዐሥር ደብተር ቢያይ፣ ከሦስት እጆች የማያገኘውን መረጃ ያገኛል። ለዚህ ወረቀት ማባዛት አያስፈልግም፤ ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍልም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ዕውቀቱ በክፍሉ ውስጥ ከሌለ መጠየቁ ይቁምና ይሰጥ። አጭር ትረካ፣ በሰሌዳ ላይ የሚሣል ንድፍ፣ ከቤት የመጣ ዕቃ፣ ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ ተማሪ ለክፍሉ ማስረዳቱ ሊበቃ ይችላል።

አራተኛ፣ በሰሌዳ ላይ የሰፈረው እንዳይጠፋ። ኦግል እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበችው «የማውቀው፣ ማወቅ የምፈልገው፣ ያወቅሁት» የሚል ባለ ሦስት ዐምድ ሠንጠረዥ በሥልጠና ላይ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ዐምድ ግን ከመጀመሪያው ጋር ካልተያያዘ ትርጉም አይኖረውም። የእሸቱ መልስ ያለ ምስጋናና ያለ ወቀሳ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር ይጻፍ። ከንባቡ በኋላ ተማሪዎች «ምንባቡ የትኛውን መልስ አጸና? የትኛውን ሻረ? ስለ የትኛውስ ምንም አላለም?» ይባሉ። ቀጥሎም «ወባና እሸት በአንድ ወቅት የሚመጡት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተል። በዚህ ጊዜ ተማሪዋ አልተዋረደችም፤ ምልከታዋ ትክክል፣ ድምዳሜዋ ስሕተት መሆኑን ራሷ ከምንባቡ ታወጣዋለች።

ለምዘናና ለምርምር

ጉዳዩ ከክፍል ማስተማር አልፎ ምዘናንም ይነካል። «ወባ በምን ይተላለፋል?» የሚል የአንብቦ መረዳት ጥያቄ፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያየ ተማሪ ምንባቡን ሳይከፍት ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነበበውን ካላነበበው አይለይም። በተቃራኒው ስለ አውድማ የቀረበ ፈተና የከተማውን ልጅ «ደካማ አንባቢ» ሊያሰኘው ይችላል፤ የለካው ግን ንባቡን ሳይሆን የኖረበትን ሰፈር ነው። ፈተና አዘጋጆች ጥያቄዎቹን ምንባቡን ላላዩ ጥቂት ተማሪዎች ሰጥተው ቢሞክሩ የትኞቹ ጥያቄዎች ንባብን እንደማይለኩ በቀላሉ ይታወቃል።

በዘርፉ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም ይኸው ይሠራል። የምልከታ ቅጹ «መምህሩ የቅድመ ንባብ ጥያቄ ጠይቋልን?» የሚል ብቻ ከሆነ የሚያገኘው መልስ የልማዱን መኖር እንጂ ጥቅሙን አያሳይም። ስንት ተማሪ መለሰ? የተነሣው ዕውቀት ምንባቡ የሚፈልገው ነበርን? የተሳሳተው መልስ ምን ሆነ? ከንባቡ በኋላስ ማን ተመለሰበት? እነዚህ ጥያቄዎች ወደ ቅጹ ቢገቡ፣ ቅድመ ንባብ በሙከራ ቡድኖች ላይ አንዳንዴ ውጤት የሚያሳይበትና አንዳንዴ የማያሳይበት ምክንያት ይበልጥ ሊገለጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ቀዳሚ ዕውቀት አንብቦ ለመረዳት ወሳኝ ነው። ወሳኝነቱ ግን ለሁለት ወገን የሚሠራ ነው፤ ላለው ያበራለታል፣ ለሌለው ይጋርድበታል፣ ተሳስቶ ለያዘው ደግሞ ያሳስተዋል። የቅድመ ንባብ ጥያቄ ሦስቱን ተማሪዎች ሳይለይ ለሁሉም እኩል ከተወረወረ በእኩልነት ስም ልዩነትን ያሰፋል። መምህሩ ከመልሶቹ ተነሥቶ ማንን ወደ ምንባቡ እንደሚልክ፣ ለማን አስቀድሞ እንደሚነግር፣ የማንንስ ሐሳብ ከንባብ በኋላ እንደሚያነሣ ከወሰነ ግን ያው አምስት ደቂቃ ሌላ ሥራ ይሠራል። ተማሪው በሰሌዳ ላይ የተጻፈለት የራሱ ሐሳብ ከንባቡ በኋላ ተነሥቶ ሲመረመር፣ ማንበብ ከራስ ሐሳብ ጋር የሚደረግ ክርክር መሆኑን ይማራል።